ሳይደባለቅ መለየት፤ ስለ ተማሪዎች የጽዳት ክበብ

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን ያልሰማ ተማሪ ዛሬ በአገራችን አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ያነበዋል፤ በክፍል ውስጥ ይማረዋል፤ በፈተናም ጊዜ ተጠይቆ በሚገባ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ማወቅና ማድረግ ለየብቻቸው የቆሙ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ ያ ጽሑፍ ካለበት ግድግዳ ሥር የሙዝ ልጣጭ፣ የደብተር ቅዳጅ፣ የፌስታል ብጣሽና በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው ባዶ የውሃ ጠርሙስ አንድ ላይ ተከምሮ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በማወቅና በማድረግ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ለመሙላት ታላቅ ችሎታ ካላቸው ወገኖች አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክበብ ነው። ተማሪ ቀን የለመደውን ማታ ወደ ቤቱ ይዞት ስለሚገባ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተዘራ ልማድ በብዙ መቶ ቤት ይበቅላል። የጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት ዞሮ በብዙ ወራት የማያዳርሰውን ምክር ተማሪዎች በአንድ ማታ ያዳርሱታል።

በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ወይም የጽዳት ክበብ የሚባል ማኅበር ብዙ ጊዜ አይታጣም። ሥራውም በአብዛኛው የታወቀ ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የዘመቻ ቀን ይታወጃል፤ መጥረጊያና አካፋ ይታደላል፤ ግቢው ይጠረጋል፤ የተጠረገውም ከአጥሩ ጥግ ተከምሮ እሳት ይለቀቅበታል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። በሳምንቱ ግቢው ተመልሶ እንደ ቀድሞው ይሆናል። ይህ የሚሆነው ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ የደከሙበት ሥራ ሁለት ነገር ስለ ጐደለው ነው እንጂ። አንደኛው መለየት ነው፤ ሁለተኛውም ቀን መጠበቅ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሁለቱ በየተራ እንናገራለን።

የተለየ ነገር ንብረት ነው

ቆሻሻ የምንለው ነገር ከመጀመሪያው ቆሻሻ አልነበረም። ባዶው ጠርሙስ ብቻውን ሳለ ዕቃ ነው። የተጻፈበት ወረቀት ብቻውን ሳለ ወረቀት ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ የቡና አተላና የአትክልት ቅጠል ብቻቸውን ሳሉ የአፈር ምግብ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድ በርሜል ውስጥ በተደባለቁ ጊዜ ግን ወረቀቱ በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ጠርሙሱ ይጨቀያል፤ ልጣጩም የፌስታል ብጣሽ ስለሚገባበት ለአትክልት ቦታ አይሆንም። እንግዲህ ሦስት ዓይነት ጥቅም የነበረውን ነገር ወደ አንድ ዓይነት ጉድፍ የለወጠው መደባለቅ ነው። መለየት ማለትም ነገሩ ገና ከእጅ ሳይወጣ ወደየወገኑ ማኖር ነው። ከተደባለቀ በኋላ ልለይ ማለት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ለሚለየውም ሰው ጤና አደገኛ ነው።

ይህን እውነት ለመማር ከሩቅ አገር መምህር ማስመጣት አያስፈልገንም። በባላገር የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ አመዱ ዕቃ ይፈገፈግበታል፤ ከማዕድ የተረፈውም ለዶሮና ለውሻ ይሰጣል። በከተማም ቁራሌው በየሠፈሩ እየተጣራ አሮጌ ብረት፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ይገዛል፤ ልዋጭ የሚባለውም ነጋዴ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ የቤት ዕቃ ይሰጣል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሠራተኞቹ መዶሻ ሌላው የጣለውን በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃና የከሰል ማንደጃ ሲያደርገው ይውላል። ያረጀ የመኪና ጎማም በርባሶ ሆኖ ብዙ እግር ከእሾህና ከድንጋይ ጠብቋል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ የሚገዛ ሰውም ባዶውን መመለስ ወይም የመያዣ ገንዘብ ማስቀመጥ እንዳለበት ያውቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ትምህርቱን በተከታተለበት በጀርመን አገር ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ ዓይነት የመጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ በሕግ ይከፈላል። ባዶውን ለሱቅ የመለሰ ሁሉ ገንዘቡን መልሶ ስለሚቀበል፣ ጠርሙስ በመንገድ ላይ ወድቆ የሚሰነብተው ከስንት አንዴ ነው። ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ የሚገረምበት ብዙ ምክንያት የለውም፤ የሠፈራችን ባለ ሱቅ በብርጭቆ ጠርሙስ የሚያደርገውን እነርሱ ለፕላስቲኩም አደረጉት እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። እኛ የጐደለን ጥበቡ አይደለም። ፕላስቲክ በብዛት በመጣ ጊዜ የጥንቱን ልማዳችንን ለአዲሱ ዕቃ ሳናደርሰው ቀረን።

የቆሼ ክምር ያስተማረን

ሁሉ በአንድነት ተደባልቆ ሲጣል የሚደርሰውን ጉዳት የምናውቀው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ረጲ በተባለው ስፍራ የሚገኘውና ሕዝቡ «ቆሼ» ብሎ የሚጠራው የቆሻሻ ክምር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማይቱን ቆሻሻ ሲቀበል ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

በከተማይቱ ከየቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ ነው። ይህ እርጥብና ከባድ ነው። አየር በማያገኝበት ጥልቀት ተቀብሮ ሲበሰብስም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። እንዲህ ያለው ነገር ያለ ልክ ሲቆለልና እየራሰ ሲሄድ ክምሩ ጽናት ያጣል። ያው ልጣጭ ግን በየግቢው ቢቀርና ቢበሰብስ መልካም አፈር ይሆናል፤ ወደ ክምሩ የሚጓዘውም ሸክም ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ሆኖም እርጥብ እንጨት በምድጃ ላይ ጭሱ እንጂ ነበልባሉ እንደማይታይ እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ፤ ትልቁም ምድጃ ከትንሹ በዚህ አይለይም። እርጥቡ ከደረቁ ተለይቶ ካልቀረበ ከማንኛውም መሣሪያ የሚገኘው ጥቅም ያንሳል። የቆሼን ተራራ አንድ ሰው አልሠራውም፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ፌስታል እየወጣ ተሠራ። ሊቀንስ የሚችለውም እንደዚሁ ከየቤቱና ከየትምህርት ቤቱ ነው።

ዝንብና ትንኝ ቀን ይቆጥራሉ

ሁለተኛው ነገር ቀን መጠበቅ ነው ብለናል። ክበቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ መሥራት የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ የዝንብና የትንኝ ኑሮ ያስረዳናል።

የቤት ዝንብ እንቁላሏን በምግብ ትራፊ፣ በእበትና በሰገራ ላይ ትጥላለች። በሙቀት ወራት እንቁላሉ ትል፣ ትሉም ክንፍ ያለው ዝንብ እስኪሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃዋል። ይህች ዝንብ ከሰገራ ተነሥታ በምሳ ዕቃ ላይ ስታርፍ የተቅማጥ በሽታ የሚያመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት በእግሯና በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ልጣጩ በየሳምንቱ ከተነሣ ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ይጠፋል። በየወሩ ከተነሣ ግን ሦስት ትውልድ ያህል ዝንብ ተወልዶ በሯል። እንግዲህ አራት ጊዜ በየሳምንቱ የሚደረግ ትንሽ ሥራ በወር አንድ ጊዜ ከሚደረግ ታላቅ ዘመቻ ይበልጣል።

የትንኝም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በተጣለ ጎማ፣ በጣሳና በተቀደደ ባልዲ ውስጥ የዝናብ ውሃ ሲጠራቀም ትንኝ ትራባበታለች፤ ከእንቁላል እስከ ክንፍ የሚያስፈልጋትም ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙ አይበልጥም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት በታየ ጊዜ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለው ዕቃ ውስጥ የምትራባ ናት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በቀብሪ ደሀር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተገኘች። የቀድሞዎቹ የወባ ትንኞች በይበልጥ የሚራቡት በኩሬና በረግረግ ሲሆን፣ ይህች እንግዳ ትንኝ ግን በከተማ መካከል በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ገንዳ ውስጥ በበጋም ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርስዋ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታውቋል፤ ከታመሙትም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ በግቢ ውስጥ የተጣለ አንድ ጎማ ዓይንን የሚያስከፋ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የበሽታ ማሳደጊያም ሊሆን ይችላል።

ሥራው እንዴት ይከናወን?

ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትንና ተራ መጠበቅን ነው።

1ኛ፤ ሦስት ማጠራቀሚያ ይዘጋጅ። አንዱ ለእርጥቡ፣ ማለት ለልጣጭና ለቅጠል፤ ሁለተኛው ለወረቀት፤ ሦስተኛው ለፕላስቲክና ለቆርቆሮ። በላዩ ላይ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ሥዕልም ይኑርበት። የእርጥቡ ማጠራቀሚያ ክዳን ይኑረው፤ የወረቀቱም ዝናብ በማይነካው ስፍራ ይቀመጥ። ማጠራቀሚያዎቹ ተማሪ ከሚበላበትና ከሚጠጣበት ስፍራ አጠገብ እንጂ ከግቢው ዳር አይቀመጡ፤ እጅ የሚጥለው በቅርብ ያገኘው ላይ ነውና።

2ኛ፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን ይቆረጥ። በዚያ ቀን ተረኛው ክፍል ማጠራቀሚያዎቹን ይገለብጣል፣ ይመዝናል፣ በመዝገብም ይጽፋል። በግቢው ውስጥ ውሃ የያዘ ጣሳና ጎማ ቢገኝ ውሃው ይደፋ፤ ጎማው ከዝናብ ይሸሸግ። ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል በሳምንት አንድ ጊዜ ውስጡ በብሩሽ ይፈግፈግ፤ የአንዳንድ ትንኝ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም። ከዚያም በኋላ በርሜሉ ይከደን።

3ኛ፤ እርጥቡ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሁን። ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል የሆነ ክምር ይበቃል። አንድ ረድፍ እርጥብ ልጣጭ፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ እየተደረገ ይደርደር፤ በላዩም ጥቂት አፈር ይነስነስ። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደ ወጣ ጨርቅ ይሁን፤ ቢጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደረቅ ነገር ይጨመርበት። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ይህም ሙቀት የዝንብን ትልና ብዙ የበሽታ ነፍሳትን ይገድላል። በየሁለት ሳምንቱ ዳሩ ወደ መካከል እየተገለበጠ ከሦስት ወር በኋላ ለአትክልት ይደርሳል። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ግን አይግቡበት፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ።

4ኛ፤ ፕላስቲኩና ወረቀቱ ይሸጥ። ክበቡ ከቁራሌው ወይም በማኅበር ከተደራጁ የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጋር ይስማማ። ጠርሙሱ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተለይቶና ተጨፍልቆ ቢቀርብ ለገዢው ይቀለዋል፤ ለዋጋውም ይረዳል። አንድ ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 15 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፣ 1,000 ተማሪ በየቀኑ አንድ አንድ ጠርሙስ ቢጥል፣ በ200 የትምህርት ቀን 200,000 ጠርሙስ፣ በክብደትም 3,000 ኪሎ ይሆናል። በአንድ እጅ ላይ ከምንም የማይቆጠረው ነገር በዓመቱ መጨረሻ ለጭነት መኪና ይበቃል።

5ኛ፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ በግልጽ ይያዝ። ገንዘብ ያዡና መዝጋቢው ሁለት ልዩ ልዩ ተማሪዎች ይሁኑ፤ ሒሳቡም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ብዙ መልካም ማኅበር የፈረሰው ገንዘብ በማጣት ሳይሆን በገንዘብ በመጠራጠር ነው። ገንዘቡ በመጀመሪያ ለእጅ መታጠቢያ ሳሙና ቢውል ምክራችን ነው። ተማሪው የጣለው ጠርሙስ በመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ሳሙና ሆኖ ሲጠብቀው ባየ ጊዜ፣ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ ይገባዋል።

6ኛ፤ ከሁሉ የሚቀድመው መቀነስ ነው። ያልመጣ ቆሻሻ መለየትም መሸከምም አያስፈልገውም። ተማሪው ውሃ የሚይዝበትን ዕቃ ከቤቱ ያምጣ፤ ወረቀት በሁለት ገጹ ይጻፍበት፤ ወደ ገበያ ሲላክም ዘንቢል ይያዝ። ዘንቢል የእናቶቻችን ዕቃ ነውና ይዞት መሄድ የሚያሳፍር አይደለም።

ክበቡ ሊነካው የማይገባ

የተማሪዎች ቅንነት ጤናቸውን እንዳይጎዳ የሚከተለውን እናስጠነቅቃለን። መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የመድኃኒት ዕቃ፣ የቤተ ሙከራ ኬሚካልና ያረጀ ባትሪ የተማሪ እጅ አይንካቸው፤ ሲገኙ ስፍራው ይታወቅና ኃላፊው ይጠራ። በሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ክዳን ያለው ልዩ ማጠራቀሚያ ይኑር፤ አወጋገዱም የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ኃላፊነት ይሁን። ቆሻሻ የሚለዩ ተማሪዎች ጓንትና ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ ሥራውን ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

በተለይም ፕላስቲክ አይቃጠል። በሜዳ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ጭሱም ከክፍሉ መስኮት ገብቶ የተማሪዎቹን ሳንባ ያውካል፤ አስም ያለበትንም ልጅ ያስጨንቃል። እሳት የክምሩን ቁመት ይቀንሳል እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም፤ ከምድር ወደ አየር ያዛውረዋል።

ጽዳት ቅጣት አይሁን

ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች አንድ ቃል አለን። በብዙ ስፍራ ዘግይቶ የመጣ ወይም ያጠፋ ተማሪ ወረቀት ልቀም፣ ግቢ ጥረግ ይባላል። ይህ ቅጣት ለጊዜው ግቢውን ያጸዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ቆሻሻ ማንሣት የጥፋተኛ ሥራ ነው የሚል ትምህርት በሁሉም ተማሪ ልብ ይጽፋል። ሰኞ ቅጣት የነበረው ሥራ ማክሰኞ ክብር ነው ቢባል ማን ያምናል? ቁራሌውንና የጽዳት ሠራተኛውን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድም የሚበረታው ከዚህ ነው። ይልቁንስ ለዘገየው ተማሪ ሌላ ተግሣጽ ይፈለግለት፤ የጽዳቱ ተራ ግን ለጎበዙም ለሰነፉም፣ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይድረስ። መምህሩም ከተማሪዎቹ ጋር ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ ቢያነሣ፣ ምሳሌነቱ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ያለፈው ሳምንት ሚዛን በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቢነገር፣ ክፍል ከክፍል በበጎ ነገር ይፎካከራል።

ሕግም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ለጥቅም የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን ሕግ በጋዜጣ ላይ ታትሞ ሲወጣ ገና ፊደል ነው፤ ሥራ የሚሆነው በሰው እጅ ልማድ ሲገባ ነው። ያን ልማድ ለማስገባት ከተማሪዎች የተሻለ ዘመቻ አድራጊ አይገኝም።

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፤ አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ግቢያችሁን ለአንድ ዘበኛና ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ብትተዉት ለእነርሱ የማይቻል ሸክም ነው፤ ተራ ገብታችሁ ብትካፈሉት ግን ለእያንዳንዳችሁ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ቁረጡ፤ ሦስት ማጠራቀሚያ አቁሙ፤ አንድ መዝገብ ክፈቱ። ታላቅ በዓልና ንግግር አያስፈልገውም። ማታም ወደየቤታችሁ ስትገቡ ልጣጩን ከፌስታሉ የሚለይ አንድ ባልዲ ለእናቶቻችሁ አቅርቡላቸው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ባልዲውን ይዞ በመጣ ጊዜ አትሳቁበት፤ ስፍራ ስጡት እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በሽታውም ክምሩም ገና ሳይከብዱ፣ በልጆች እጅ ሊያዙ በሚችሉበት ጊዜ መያዝ ይሻላል።